የፑተር አያያዝ ምርጫ፦ ጎንደር ላይ ለሚጀምር ሰው የትኛው ይሻላል?

ጎንደር የጎልፍ ሜዳ የላትም። ይሁን እንጂ ለጥምቀት ከውጭ የመጣ ዘመድ ትቶት የሄደ ፑተር (ኳሱን መሬት ለመሬት አንከባልሎ ጉድጓድ የሚያስገባ የጎልፍ ዱላ) በአንዳንድ ሳሎን ጥግ ቆሞ ይታያል። መጀመሪያ ልጆች ያነሱታል፤ ቀጥሎ አባት «እስቲ አምጣው» ይላል፤ ከዚያ የቤቱ ሰው ሁሉ ተራ ይይዛል። ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጡ የሰፈር ወጣቶችን ምንጣፍ ላይ ሳለማምድ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄም «እንዴት ነው የሚያዘው?» የሚል ነው። መልሱን ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው አምስት ስድስት ዓይነት አያያዝ ያገኛል። እያንዳንዱ በአንድ ታላቅ ተጫዋች ፎቶግራፍ ታጅቦ ስለሚቀርብ የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አያያዝ የሚመረጠው ኳሳችሁ በሚስትበት አቅጣጫና እጃችሁ ባለው አመል ነው። ታይገር ዉድስ እንዲህ ይይዛል፣ ጆርዳን ስፒዝ እንዲያ ይይዛል የሚለው ለመነሻ ይጠቅማል፤ ለውሳኔ ግን አይበቃም። የእነርሱ እጅ ከልጅነት ጀምሮ በሣር ላይ የተገራ ነው፤ የእኛ ጀማሪ የሚነሳው ከሳሎን ምንጣፍ ነው።

ሜዳ ስለሌለን ፑተር ላይ ብቻ ማተኮራችን እንደ ኪሳራ ሊቆጠር አይገባም። ሙሉ የጎልፍ ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት። የሜዳው ፓር፣ ማለትም ሜዳውን ለመጨረስ የተመደበው የምት ብዛት፣ 72 ከሆነ ስሌቱ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ 2 የፑተር ምት ይሰጣል። በድምሩ 36 ይሆናል፤ የጨዋታው ግማሽ ማለት ነው። ይህን ግማሽ ጎንደር ላይ ሆኖ፣ ክረምትም ቢሆን ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ በሦስት ሜትር ምንጣፍ መማር ይቻላል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ሰው ነው። ግራኝ የሆናችሁ፣ የግራኝ ፑተር ካላችሁ፣ ቀኝና ግራውን እየገለበጣችሁ አንብቡ።

ከምርጫው በፊት ያለው መሠረት

ፑተር ሲመታ ኳሱ ወዴት እንደሚነሳ ከምንም በላይ የሚወስነው የፑተሩ ፊት ኳሱን በነካበት ቅጽበት የሚያይበት አቅጣጫ ነው። የጉድጓዱ ስፋት 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመሀሉ እስከ ጠርዙ 5.4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ኳሱ ከትክክለኛው መስመር በ1 ዲግሪ ብቻ ዞሮ ቢነሳ 3 ሜትር ተጉዞ ሲደርስ 5.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ርቋል። የጉድጓዱን ጠርዝ ለጥቂት ያገኘዋል። በ2 ዲግሪ ከዞረማ ጨርሶ ያልፈዋል። ይህን የምታህል መዞር ዓይን አያያትም፤ እጅ ግን ሳታስቡት ያደርጋታል። ስለ አያያዝ ይህን ያህል የሚወራው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ፑተሩን አንሱና እጀታውን ተመልከቱ። የሌሎቹ የጎልፍ ዱላዎች እጀታ ክብ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል፤ ለፑተር ግን ጠፍጣፋ ጎን ይፈቅዳል። አብዛኛው የፑተር እጀታ ከፊት በኩል ጠፍጣፋ የሆነው ለዚህ ነው። አውራ ጣቶቻችሁ የሚያርፉት በዚያ ጠፍጣፋ ጎን ላይ፣ ቀጥ ብለው ወደ ታች እየጠቆሙ ነው። ክሎ ከሚባለው (በኋላ እመጣበታለሁ) በስተቀር ከዚህ በታች በማወዳድራቸው አያያዞች ሁሉ ይህ አይለወጥም፤ በክሎም ቢሆን የላይኛው እጅ ይህንኑ ይጠብቃል።

ቀጥሎ መዳፋችሁን ዘርጉ። ከአውራ ጣት ሥር ባለው ወፍራም ሥጋና በትንሿ ጣት በኩል ባለው ሥጋ መካከል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። የላይኛው እጃችሁ እጀታውን በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ያስተኛው። ይህን በትክክል ያደረገ ሰው ከጎን ሲታይ ክንዱና የፑተሩ ዘንግ አንድ መስመር ይሠራሉ። እጀታው በጣቶች ብቻ ከተያዘ ግን ዘንጉ ከክንዱ መስመር ወርዶ የእጅ አንጓው ላይ ይታጠፋል፤ የታጠፈ አንጓ ደግሞ በምቱ መሀል መንቀሳቀሱ አይቀርም።

ይህ ነጥብ እኛ ዘንድ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ገና እየተጫወተ ያደገ ልጅ ዱላን በጣቶቹ ጨብጦ፣ ቀኝ እጁን ወደ ታች አድርጎ፣ አንጓውን ሰብሮ ሩሯን መላክ ለምዷል። ለገና ትክክል ነው፤ ሩሯ ርቃ መሄድ አለባት። ፑተር ላይ ግን ኃይሉ የሚመጣው ከትከሻ መወዛወዝ ነው፤ አንጓ ዝም ማለት አለበት። ስለዚህ የገና እጅ ያለው ወጣት ፑተር ሲይዝ ከባዶ አይጀምርም፤ አንድ ጠንካራ አመል ይዞ ይመጣል። የትኛውን አያያዝ እንደምመክረው ስወስን አስቀድሜ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው።

የጭበጣው ጥንካሬስ? ከአሥር አራት ያህል ይበቃል። ሌላ ሰው የፑተሩን ራስ ይዞ ቀስ ብሎ ሲስበው ፑተሩ ከእጃችሁ እየተንሸራተተ ግን ትንሽ እየተቃወመ ሊወጣ ይገባል። ከልኩም በላይ አስፈላጊው ጭበጣው ከምቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አለመለወጡ ነው። ብዙ ሰው ለስለስ አድርጎ ይጀምርና ኳሱ ጋ ሲደርስ ጨበጥ ያደርገዋል፤ በዚያች ጭበጣ የፑተሩ ፊት ይዞራል።

እነዚህ ሳይስተካከሉ አያያዝ መቀያየር ትርፉ ድካም ነው።

ሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎች

በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው ሪቨርስ ኦቨርላፕ የሚባለው ነው። ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ከታች ይሆናል። የቀኝ እጅ ጣቶች በሙሉ እጀታው ላይ ናቸው፤ መዳፉም ኳሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያያል። ልዩነቱ የግራ እጅ ሌባ ጣት ላይ ነው። ከእጀታው ትነሳና በቀኝ እጅ ትንሿና የቀለበት ጣት ላይ ትደረባለች። አንዳንዱ ሰው ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይዘረጋታል። የዚህች ጣት ሥራ ሁለቱን እጆች ማስተሳሰር ነው፤ እጆቹ ተነጣጥለው ሁለት የተለያየ ሥራ እንዳይሠሩ ትጠብቃለች። ታይገር ዉድስ 15ቱን ታላላቅ ዋንጫዎች ያሸነፈው በዚህ አያያዝ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ የርቀት ስሜት ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ድንጋይም ሲወረውር፣ ኳስም ሲያንከባልል ልኩን የሚያውቀው በቀኝ መዳፉ ነው። በሪቨርስ ኦቨርላፕ ያ መዳፍ ከታች፣ ለኳሱ ቅርብ ሆኖ፣ ወደ ዒላማው ዞሮ ይቀመጣል። ስለዚህ ኳሱን ከ8 ወይም ከ10 ሜትር ጉድጓዱ አጠገብ ማሳረፍ ሲያስፈልግ ይህን የሚስተካከል የለም።

ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያው ከቀኝ እጅ ነው። ጠንካራው እጅ ከታች ሲሆን ሥራውን ሁሉ መጠቅለል ይፈልጋል። ኳሱ ጋ ሲደርስ ይገፋል፤ የግራ አንጓ ይሰበራል፤ የፑተሩ ፊት ወደ ግራ ይዘጋል። በተጨማሪ ቀኝ እጅ ዝቅ ሲል ቀኝ ትከሻም አብሮ ስለሚወርድ የትከሻው መስመር ይዘነብላል።

ሁለተኛው ግራ እጅ ከታች የሚሆንበት አያያዝ ነው። ቀኝ እጅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግራ እጅ ከሥሩ ይገባል። የቀኝ እጅ ሌባ ጣት በግራ እጅ ጣቶች ላይ ልትደረብ ትችላለች። መጀመሪያ የያዘው ሰው ሁሉ «ተገለበጠብኝ» ይላል። ትንሽ ከቆየ በኋላ ግን ሁለት ነገር ይሰማዋል። አንደኛ፣ ትከሻዎቹ እኩል ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ የግራ አንጓው ጀርባ ከክንዱ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ ልስበረው ቢል እንኳ ያስቸግረዋል። ከታላላቆቹ ዋንጫዎች መካከል ጂም ፉሪክ በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዩኤስ ኦፕንን፣ ጆርዳን ስፒዝ ደግሞ በ2015 ማስተርስንና ዩኤስ ኦፕንን በአንድ ዓመት ያሸነፉት በዚህ አያያዝ ነው።

ድክመቱ ረጅም ርቀት ላይ ነው። ቀኝ መዳፍ ከኳሱ ስለሚርቅ ልኩ ይጠፋል፤ ኳሱ ወይ አጥሮ ይቀራል ወይ አልፎ ይሄዳል። ደግሞም የታችኛው እጅ ለመድረስ ትንሽ ጎንበስ ማለት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ወገቡን ለሚያመው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ልዩነቱን ፊት ለፊት ያየሁበትን ልንገራችሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ በገና ጨዋታ ስሙ የታወቀ ልጅ፣ ኳሱ ሁሉ ወደ ግራ ይሄድበት ነበር። «ጋሼ፣ ምንጣፉ ያዘነብላል እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ የምንጣፍ ፀጉር ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ ኳስን ወደ ጎን ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ዞረን ከሌላው ጫፍ እንዲመታ አደረግሁት። ምንጣፉ ቢሆን ኖሮ ኳሱ አሁን ወደ ቀኝ መሄድ ነበረበት። አሁንም ወደ ግራ ሄደ።

ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ የግራ አንጓውን ጀርባ ተመለከትሁ። ኳሱን ሊመታ ሲቆም ቆዳው ለስላሳ ነው። ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት ግን ሦስት አራት ሽብሽቦች አንጓው ጀርባ ላይ ብቅ ይላሉ፤ እጁ ወደ ኋላ ታጥፏል ማለት ነው። እጆቹን አቀያይሬ ግራውን ከታች አደረግሁለት። ፊቱን ቢያጨፈግግም መታ። ሽብሽቦቹ አልወጡም፤ ኳሱም ቀጥ ብሎ ሄደ። እናንተም ይህን ፈተና ብቻችሁን ማድረግ ትችላላችሁ። ስልካችሁን በርጩማ ላይ አቁማችሁ የግራ አንጓችሁን በቅርብ ቅረጹና ምቱን ቀስ አድርጋችሁ አጫውቱት።

ታዲያ ከሁለቱ የቱ? ብዙ መምህራን ጀማሪን በሪቨርስ ኦቨርላፕ ያስጀምራሉ፤ ምክንያታቸውም ተማሪው ሌሎቹን ዱላዎች ቀኝ እጁን ከታች አድርጎ ስለሚይዝ እጁ እንዳይደናገር ነው። ያ ምክንያት እኛ ዘንድ አይሠራም። የእኛ ጀማሪ ሌላ ዱላ ይዞ አያውቅም፤ የሚለማመደውም ከ3 ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ነው። በዚህ ርቀት የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ምት ነው፤ የርቀት ስሜት ገና አይፈተንም። ስለዚህ መምህር ሳይኖረው ቤቱ ለሚጀምር ሰው፣ በተለይ የገና እጅ ላለው ወጣት፣ ግራ እጅ ከታች የሚሆንበትን አያያዝ አስቀድማለሁ። አዲስ አበባ ወይም ኬንያ ሄዶ ሙሉ ሜዳ ላይ ለመጫወት ያሰበ ሰው ግን ሪቨርስ ኦቨርላፕን ከወዲሁ ይልመድ። እዚያ የሚጠብቀው ረጅም ምት ነው፤ ቀሪዎቹንም ዱላዎች መያዙ አይቀርም።

ክሎ፦ ለሚንቀጠቀጥ እጅ

ሦስተኛው ክሎ ይባላል። ግራ እጅ እንደ ተለመደው ከላይ ይይዛል። ቀኝ እጅ ግን እጀታውን አይጨብጥም። እጀታው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይገባል፤ የቀኝ መዳፍ ወደ ራሳችሁ ጭን ያያል፤ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ለቀቅ ብለው ያርፋሉ። እርሳስ እንደ መያዝ ነው። በዚህ አቀማመጥ ቀኝ እጅ ሊገፋ ቢፈልግ እንኳ የሚገፋበት ጉልበት የለውም፤ መንገድ ከማሳየት አያልፍም።

ይህ አያያዝ የሚፈለግበት ዋና ምክንያት ተጫዋቾች ይፕስ የሚሉት ችግር ነው። ከአንድ ሜትር ላይ፣ ልጅ እንኳ የማይስተው ኳስ ፊት ቆሞ፣ እጅ ድንገት ብድግ ይላል። ሰውየው ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻው ራሱ ያለ ፈቃዱ ይኮማተራል። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር በዚህ ችግር ደጋግሞ ተሠቃይቷል። ፑተሩን በቀኝ እጁ ከግራ ክንዱ ጋር አጣብቆ የሚይዝበትን የራሱን መንገድ እስከ መፍጠር ደርሷል፤ ማስተርስንም በ1985 እና በ1993 አሸንፏል። ክሎም መፍትሔው ተመሳሳይ ነው፤ የሚያስቸግረውን እጅ ከሥራ ያወጣዋል። ሰርሂዮ ጋርሲያ የ2017 ማስተርስን በክሎ ወሰደ። ስኮቲ ሼፍለርም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአጭር ርቀት ክሎን ይዞ በ2025 የፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕንና ዘ ኦፕንን አሸነፈ።

ለጀማሪስ? አልመክረውም። ግራ እጅ ብቻውን ፑተሩን ቀጥ አድርጎ ለመምራት ልምድ ይፈልጋል፤ ገና ያልሠለጠነ እጅ በክሎ ሲይዝ የፑተሩ ራስ ይዋልላል። በዕድሜ ጠና ያሉና እጃቸው የሚንቀጠቀጥባቸው ሰዎች ግን ከሁሉ አስቀድመው ይሞክሩት። አንድ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ አናጺ፣ በክሎ ሲይዙ እጃቸው ወዲያው ሲረጋ አይቻለሁ። ለዘመናት እርሳስና ማስመሪያ የያዘ እጅ ስለሆነ ይሆናል፤ «ይኸማ የእኔ ነው» ነበር ያሉት።

ሌሎቹን ባጭሩ

መዳፍ ለመዳፍ የሚባል አለ። ሁለቱ እጆች እኩል ከፍታ ላይ ሆነው እጀታውን በመዳፎቻቸው መካከል ያደርጉታል። ትከሻን እኩል በማድረግ ግሩም ነው፤ ግን ወፍራም እጀታ ይፈልጋል። በቀጭን እጀታ ጣቶች ስለሚጣበቡ አይመችም።

አሥሩንም ጣቶች ሳይደርቡ እጀታው ላይ አሰልፎ መያዝም ይቻላል። ትንሽ እጅ ላላቸው ልጆች ለጥቂት ሳምንታት ይሁንላቸው፤ ከዚያ ወዲያ እጆቹን የሚያስተሳስር ነገር ስለሌለ ወደ ሌላው ማለፍ ይሻላል።

የፑተሩን እጀታ በግራ ክንድ ላይ አስደግፎ መምታት ደግሞ አርምሎክ ይባላል። ብራይሰን ዲሻምቦ የ2020 ዩኤስ ኦፕንን ያሸነፈው እንዲህ ነው። ረዘም ያለና ፊቱ ከተለመደው በላይ ወደ ኋላ የተጋደመ ልዩ ፑተር ይፈልጋል። በተለመደው ፑተር ብትሞክሩት እጃችሁ ወደፊት ሲቀድም የፑተሩ ፊት ኳሱን ወደ መሬት ይጫነዋል። ፑተሩ ከሌላችሁ እለፉት።

ረጅሙን ፑተር ከሆድ ወይም ከደረት ጋር አጣብቆ መምታትን የሚያሳዩ የቆዩ ቪዲዮዎችም ታገኛላችሁ። ኪገን ብራድሊ በ2011 የፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን፣ አዳም ስኮት በ2013 ማስተርስን ሲያሸንፉ ይፈቀድ ነበር። ከጥር 2016 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ግን ፑተሩን ወይም የያዘውን እጅ ከአካል ጋር ማጣበቅ ክልክል ነው። እጅና ክንድ ብቻ ከክልከላው ውጭ ናቸው፤ አርምሎክ የተረፈው በዚህ ነው።

ልጆች ያለማንም አስተማሪ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። ፊታቸውን ወደ ጉድጓዱ አዙረው፣ እግራቸውን ከፍተው፣ ኳሱን በእግራቸው መካከል ይመቱታል። ታላቁ ሳም ስኒድም እንዲሁ ይመታ ነበር። ሕጉ ከ1968 ጀምሮ በምቱ መስመር ግራና ቀኝ እግር ከፍቶ መቆምን ከልክሏል። ስለዚህ ልጁ ሳይለምደው ከኳሱ ጎን እንዲቆም አድርጉት።

ምንጣፍ ላይ የሚደረግ ፈተና

ካርቶን ላይ 10.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርጣችሁ ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀምጡ፤ ጉድጓዳችሁ እርሱ ነው። ኳሱን ከ3 ሜትር ላይ አኑሩ። ከኳሱ ፊት በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለት የክብሪት ሳጥኖችን በመካከላቸው 6 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ አቁሙ። ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የጎልፍ ኳስ ስፋቱ 4.27 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በሁለቱ ክብሪቶች መካከል ሳይነካ ካለፈ ስሕተቱ ከ1 ዲግሪ አይበልጥም። ይህም ከላይ ካየነው የጉድጓድ ልክ ጋር ይገጥማል፤ በሩን ያለፈ ኳስ በ3 ሜትር ጉድጓዱን ያገኛል።

አሁን ሁለት ወይም ሦስት አያያዞችን ምረጡና አወዳድሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን አያያዝ ለረጅም ጊዜ መትቶ ወደ ሁለተኛው ሲያልፍ ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ምክንያቱም እጁ እስከዚያ ሟሙቋል፣ ምንጣፉንም ለምዶታል። እንዲህ ከማድረግ አምስት ኳስ በአንዱ፣ አምስት በሌላው፣ እንደገና አምስት በመጀመሪያው እያላችሁ አቀያይሩ። በየጊዜውም ከምንጣፉ ሁለት ጫፎች ምቱ። ወረቀት ላይ የምትጽፉት ስንት እንደገባ ብቻ አይሁን፤ የትኛውን ክብሪት እንደመታ ጻፉ። ግራውን ነው ወይስ ቀኙን?

ወረቀቱ ለሁለት ሦስት ቀን ከተሞላ በኋላ ራሱ ይናገራል። በሪቨርስ ኦቨርላፕ ግራው ክብሪት ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ቀኝ እጃችሁ እየገፋ ነው፤ ግራ እጅን ከታች አድርጉ። ግራና ቀኙ እኩል እየወደቁ ከሆነ ግን ችግሩ አያያዙ አይደለም። ወይ ጭበጣችሁ በምቱ መሀል ይለወጣል፣ ወይ እጀታው ከመዳፍ ወደ ጣት ወርዷል። ወደ መሠረቱ ተመለሱ። ቀኙ ብቻ ከወደቀ አያያዝ ከመለወጣችሁ በፊት ሌላ ሰው ከኋላችሁ ቆሞ ገና ሳትመቱ የፑተሩ ፊት ወዴት እንደሚያይ ይንገራችሁ። ብዙ ጊዜ ሰውየው ያነጣጠረው ራሱ ወደ ቀኝ ነው። ከ3 ሜትር ቀጥ እያለ ከ1 ሜትር ላይ እጁ ብድግ የሚል ሰው ክሎን ይሞክር።

የርቀት ስሜትን ለመፈተን ክብሪቱን አንሱትና የሲሚንቶ ወይም የሴራሚክ ወለል ላይ ውጡ። ኳሱ ከምንጣፍ ይልቅ እጅግ ይሮጣል፤ እውነተኛ ፈጣን ግሪንን (በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አጭር ሣር) ለመልመድ ይጠቅማል። ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሆናችሁ ኳሱ ግድግዳውን ሳይነካ በተቻለ መጠን ቀርቦ እንዲቆም ምቱ። እዚህ ፈተና ላይ ሪቨርስ ኦቨርላፕ ግራ እጅ ከታች ካለው አያያዝ ቢበልጥባችሁ አትደነቁ። ሁለቱንም መያዝ ይፈቀዳል፤ ሼፍለርም ለአጭሩ ክሎን፣ ለረጅሙ የተለመደውን ይጠቀማል። ለጀማሪ ግን ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አንዱን ብቻ ይዞ መቆየት ይሻላል። እጅ አንድ ነገር ሳይለምድ ሁለት አይለምድም።

የፑተሩ ርዝመት ካልተመቸ

ዘመድ ትቶት የሄደው ፑተር ለአዋቂ ሰው የተሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ84 እስከ 89 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለልጅ ወይም ለአጭር ሰው ሲረዝም ክርኖቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ የፑተሩ ራስም አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል። ይህን አይታችሁ ወደ ብየዳ ቤት ወስዳችሁ ለማስቆረጥ አትቸኩሉ። ዘንጉ ሲያጥር የፑተሩ ራስ ክብደት ለእጅ ቀሎ ስለሚሰማ ምቱ ይቸኩላል፤ የተቆረጠውም አይመለስም። ልጁ እጀታውን ወደ ታች ወርዶ ይያዘው፤ እጀታው ለዚህ የሚበቃ ርዝመት አለው። ግራ እጅ ከታች የሚይዝ ልጅ ከሆነማ እጁ ከዘንጉ ብረት ጋር እስኪደርስ ሊወርድ ይችላል፤ ጎማው እስካለቀበት ድረስ ምንም አይደለም። ከጎማው ካለፈ ያን ጊዜ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ከላይ፣ ከእጀታው በኩል፣ በብረት መጋዝ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ። እጀታው መጀመሪያ ይወልቃል፤ ተመልሶ ሲገባም ጠፍጣፋው ጎኑ ከፑተሩ ፊት ጋር በትክክል መግጠሙን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ጠፍጣፋው ጎን ጥቂት እንኳ ዞሮ ከደረቀ አውራ ጣቶች በየቀኑ ፑተሩን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ያዞሩታል።